እኩል አትካፈሉት

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ሐምሌ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ኑርሁሴን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒዱን በሰላም አሳለፋችሁት? አንቱስ እንዴት ከረሙ? እትየ ቡርቱካን ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም።

ስልክ ላይ ድምፅ እንደማይሰማዎ ስለማውቅ ይኸው በፊደል መጣሁ። ወደ ደሴ የምትገባ የአገር ልጅ አግኝቼ ነው። ለአክስታችን ልጅ ለሙባረክ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ታደርስልኛለች። እሱ ደግሞ በመርሳ መኪና ይልክላችኋል።

ባለፈው ጊዜ «ለመሆኑ እዚያ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ» ብለውኝ ነበር። እንዲህ ይበሏቸው፦ ቁስል ውስጥ ገብተው የሚያመግሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ ባክቴሪያ ይባላሉ። እኔ የማጠናው በመድኃኒት አንሞትም ያሉትን ነው። ከበሽተኛ ቁስል በጥጥ ተጠርጎ የመጣውን ሳህን ላይ እናበቅለዋለን። በላዩ መድኃኒት የነካ ክብ ወረቀት እናኖራለን። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ በማግሥቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቦታ ይታያል። የማይገድለው ከሆነ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በቅሎ ይገኛል።

ለምን አንሞትም አሉ? ከማሽላው ተባይ ጋር አንድ ነው። የሚረጩት መድኃኒት ሲቀጥን ደካማው ተባይ ይሞትና ጠንካራው ይተርፋል። በዓመቱ እርሻዎ ላይ የሚያገኙት የዚያን የጠንካራውን ልጆች ነው።

አጎቴ፣ እናቴ ስትሞት «ከልጄ ከዙልፋ ጋር ታድጋለች» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ለሁለታችን አንድ ዓይነት ጫማ ገዝተው ወልድያ ትምህርት ቤት አስገቡን። እዚህ ነጭ ካፖርት ለብሼ በቆምኩ ቁጥር ያ ጫማ ትዝ ይለኛል። ውለታዎን አላህ ይክፈልልኝ እንጂ እኔስ የምችለው አይደለም።

ጦርነቱ ወደ ራያ ወርዷል ሲሉ እሰማለሁ። ለጊዜው ሙባረክ ዘንድ ብትሄዱስ? ዙልፋን ሳሙልኝ። እንደ ልማዷ ከግርጌ የራሷን መስመር ትጨምርልኝ፤ የሷን ቀልድ ካላነበብኩ ደብዳቤው የደረሰኝ አይመስለኝም።

ዱዓችሁ አይለየኝ።
ልጅዎ ኢሕሳን


መርሳ፣ መስከረም 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለልጄ ለኢሕሳን፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ይክበብሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ተራራውም በቦታው አለ፣ እኛም አለን።

ደብዳቤሽ ከተማው ሊያዝ ሲል በመጨረሻው መኪና ደረሰኝ። ከነሐሴ ወዲህ መንገዱ ዝግ ነው። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ፤ ገንዘብ ልላክ ብለሽ እንዳትደክሚ። ይህን የሚያደርስልሽ የቆዳ ነጋዴው አብዱልሐሊም ነው። መኪና በማያልፍበት በአምባሰል በኩል በእግሩ እየዞረ ደሴ ይገባል። ሙባረክ ፎቶ አንሥቶ በስልክ ይልክልሻል፤ የአንቺንም መልስ እሱ በወረቀት አትሞ ይሰጠዋል።

ለምን አልሸሻችሁም ትይኛለሽ። የቡርቱካን ጉልበት አይሄድ፣ ማሽላው ገና ለጋ፤ ማንን ለማን ጥዬ ልውጣ? ደግሞም እንግዳ አለብኝ። አያሌውን ታውቂዋለሽ፤ የጉባ ላፍቶው ደገኛ፣ ሐራ ገበያ ገብሱን አምጥቶ ማሽላዬን የሚወስደው ወዳጄ። መንደራቸው ተኩስ ሲገባ ከነሚስቱ ከነልጁ ወርዶ እኔ ቤት ነው። እሱ ሲጾም እኛ እንበላለን፣ እኛ ስንሰግድ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቤቱ ጠቦናል እንጂ ሰዉ አልጠበበንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአያሌው ልጅ ፈንታው ሲወርዱ መንገድ ላይ ክንዱን ጥይት መትቶታል። ደግሞ አንዲት የጎረቤት ልጅ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ ፍንጣሪው ባቷን መታት። ሁለቱም የተኙት እኔ ቤት ነው። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ አልጋ እንኳ አልቀረለትም። ነርሷ ሲስተር የሺ ግን አልሄደችም፤ በየቤቱ እየዞረች ታክማለች። የቁስሉን ነገር የምጽፍልሽ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው።

የፈንታው ክንድ ቀልቷል፣ ያተኩሳል፣ ወፍራም ቢጫ መግል ያወጣል። የልጅቱ ሌላ ነው። መግሉ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ጨርቁ ሲፈታ ሣር የተጨመቀበት ይመስላል። ሽታውም የለመድነው የቁስል ሽታ አይደለም፤ ጣፈጥ ይላል፣ እንደ ሰነበተ ፍሬ። አሞክሳሲሊን ዋጠች፣ ሴፍትሪያክሶን ተወጋች፣ ወይ ፍንክች!

በእጃችን ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንዱ አያሌው ከአገሩ ሲወጣ የያዘው ሲፕሮ ነው። ሌላው እኔ ከመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ከአስካለ ያገኘሁት ክሎክሳሲሊን ነው፤ ገለባ ክምር ውስጥ ሸሽጋ ካተረፈችው። እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ቢበቃ ነው። እኔና አያሌው ሁለቱንም ቀላቅለን ለልጆቹ እኩል ልናካፍል ተስማምተናል፤ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ። የሺ ግን «መጀመሪያ ልጅዎን ይጠይቋት» አለችኝ። አብዱልሐሊም እስኪመለስ እንጠብቃለን። ከዘገየ ግን ማካፈላችን ነው፤ ሲቃትቱ እያየን መቀመጥ አልቻልንም።

ቡርቱካን ትስምሻለች። ቤቱ ሁሉ ደህና ነው።

አጎትሽ ኑርሁሴን


ጎተንበርግ፣ መስከረም 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የአላህ ሰላም ለአንቱና እቤትዎ ለተጠጉት ሁሉ ይሁን። ሙባረክ የደብዳቤዎን ፎቶ ትናንት ላከልኝ። ከቤተ ሙከራው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። አብዱልሐሊምን እግሩን ሳሙልኝ።

ከሁሉ በፊት ይህን ልበል፦ እኩል አትካፈሉት።

አንቱና አያሌው ያሰባችሁት የደግ ሰው ሐሳብ ነው፤ እንጀራ ቢሆን ትክክል ነበር። እንጀራ ቢጎድል ሰው በግማሽ ሆዱ ያድራል። መድኃኒት ሲጎድል ግን ደካማው ባክቴሪያ ብቻ ይሞትና ጠንካራው ቁስሉን ለብቻው ይወርሰዋል። ሁለቱም ልጆች ይጎዳሉ፣ መድኃኒቱም አልቆ ይቀራል።

ደግሞ የሁለቱ ጠላት አንድ አይመስለኝም። አረንጓዴ መግልና ያ ጣፋጭ ሽታ፣ እዚህ በየቀኑ ሳህን ስከፍት የሚቀበለኝ ሽታ ነው። ባክቴሪያው ሱዶሞናስ ይባላል። አሞክሳሲሊን በተፈጥሮው አይነካውም፣ ሴፍትሪያክሶንም እምብዛም አይጎዳውም። ሲፕሮ ግን ሊገድለው ይችላል። የፈንታው ቢጫ መግል ስታፍ የሚባለው ይመስለኛል፤ ለሱ ክሎክሳሲሊኑ ይሻላል። ስለዚህ ሲፕሮው ሙሉ በሙሉ ለልጅቱ፣ ክሎክሳሲሊኑ ሙሉ በሙሉ ለፈንታው ይሰጥ። ቁስሉ የተሻለው ቢመስልም ሳያልቅ እንዳይቋረጥ።

ለአያሌው ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለልጁ የያዘውን መድኃኒት ለሌላ ሰው ልጅ ስጥ ማለቴ ነው።

ሲስተር የሺ የሞተውን ሥጋ ቆርጣ ታውጣ፤ እሱ ካልወጣ መድኃኒቱ አይደርስም። ቁስሉ የሚታጠበው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይሁን። ለልጅቱ ደግሞ ሰላጣ ላይ የሚደረገውን አቼቶ ፈልጉ። አንድ እጅ አቼቶ በአሥር እጅ የፈላ ውኃ አቅጥናችሁ፣ ጨርቅ ነክራችሁ ቁስሉ ላይ አኑሩላት። ያቃጥላታል፤ ግን ይህ ባክቴሪያ ኮምጣጣ አይወድም። የሁለቱን ጨርቅ አታቀላቅሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አጎቴ፣ እዚህ ብሆን ኖሮ ከቁስሉ ጠርጌ፣ አብቅዬ፣ የሚገድለውን ለይቼ እነግራችሁ ነበር። አሁን ያለኝ በደብዳቤ የመጣ የየሺ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነው። «ይመስለኛል» የምለው ለዚህ ነው፤ አልዋሻችሁም።

ዙልፋ ምነው ጠፋች? ከግርጌ የሷን መስመር ፈልጌ አጣሁ። አኮረፈችኝ እንዴ? ቁስለኞቹን የምታስታምም እሷ ከሆነች ብርታቱን ይስጣት። እጇን አደራ፣ ትታጠብ።

አላህ ለሁለቱም ልጆች ምሕረቱን ያውርድ።
ኢሕሳን


መርሳ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለኢሕሳን፣ ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕውቀትሽ ይባረክ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያቺ የጎረቤት ልጅ ያልሁሽ ዙልፋ ናት። ላም ልትፈታ ከጓሮ እንደወጣች ነው የመታት። ከባሕር ማዶ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ አልቅሰሽ ትምህርትሽን ትተዪዋለሽ ብዬ ሸሸግሁሽ። አሁን የሆነውን ሁሉ ስነግርሽ ትረጂኛለሽ።

አብዱልሐሊም ዘገየ። የፈንታው ትኩሳት ባሰ፣ ዙልፋም እህል አልቀምስ አለች። እኔና አያሌው እንክብሉን ለሁለት ከፍለን መስጠት ጀመርን። በማግሥቱ ጠዋት ሁለተኛውን ልንሰጥ ስንል አብዱልሐሊም እግሩ አብጦ በር ላይ ቆመ። ወረቀቱን ከኮፍያው ሽፋን ፈልቅቆ አወጣ። ፊደሉ ደቃቅ፣ የኔ ዓይን እንደምታውቂው ነው፤ የሺ ተቀበለችና ሁላችንም በተሰበሰብንበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ሲፕሮው ሙሉ በሙሉ ለልጅቱ» የሚለው ላይ ስትደርስ የአያሌው ሚስት ከልጅዋ ራስጌ ብድግ አለች። «የኛን? እኛ ተሸክመን ያመጣነውን?» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። የእህቴ ልጅ ጽፋ፣ የኔ ልጅ ልትወስድ! እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላምንም። «ተይው የሺ፣ እንደ ጀመርነው እንካፈል» አልሁ።

አያሌው ግን እጁን አነሣ። «ቀጥዪ፣ እስከ ታች አንብቢው» አለ።

አነበበችው። ስለ ጨርቁ፣ ስለ አቼቶው። መጨረሻው ላይ «ዙልፋ ምነው ጠፋች? አኮረፈችኝ እንዴ?» የሚለውን ስታነብ አያሌው ቀና ብሎ አየኝ።

«ኑርሁሴን፣ ኢሕሳን የዙልፋን መቁሰል አታውቅም?»

«አልነገርኋትም።»

«ይሙት በለኝ።»

«ወላሂ አልነገርኋትም። የጎረቤት ልጅ ናት ነው ያልሁት።»

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ሰማሽ? የፈረደችው ለማታውቃት ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ ዳኛ ከየት አመጣለሁ?» አላት።

«ልጄ ቢሞትስ?» አለችው።

«ተካፍለው ሁለቱም ቢሞቱስ?»

ቆይታ ቆይታ ሲፕሮውን ከተቀመጠበት አነሣችና በቡርቱካን መዳፍ ላይ አኖረችው። ቡርቱካንም ክሎክሳሲሊኑን ለሷ ሰጠች። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቀሩ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዓይኔን የማሳየው ሰው አልነበረኝም።

የሺ ምላጭ አፍልታ የሞተውን ሥጋ ከሁለቱም ቆረጠች። ፈንታው ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ዙልፋ ግን ሰፈሩን አናጋችው። አቼቶ ተዘግቶ ከቀረ ሆቴል ጓዳ ተገኘ። መጀመሪያ የነካት ዕለት «ኢሕሳን ብትመጣ ይህንን ነው የማጠጣት!» ብላ ስትጮህ ከተመታች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

አሁን ሳምንት አልፎናል። የፈንታው ትኩሳት ለቆታል። የሷ ጨርቅ አሁንም ያረነጉዳል። ሽታው ግን የቀነሰ ይመስለኛል፤ ምኞቴ ይሁን አላውቅም። ያካፈልናት ያቺ አንድ ቀን ደግሞ ትቆጨኛለች። ዙልፋ ቀና ብላ መጻፍ አልቻለችም። «አላኮረፍኋትም በላት» ብላለች።

አብዱልሐሊም እግሩ ሳይሽር «እኔ ካልሄድሁ ማን ይሄዳል?» ብሎ ተነሥቷል። ዱዓ አድርጊለት።

አጎትሽ ኑርሁሴን


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ የለም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ደሴ ከመያዟ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙባረክም ሱቁን ዘግቶ አዲስ አበባ ወጥቷል። የምጽፈው መንገድ ሲከፈት እንዲደርስዎ ነው፤ ዝም ማለት ስላልቻልኩም ነው።

ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። አልተቀየምኩዎትም። እንዲያውም ስለሸሸጉኝ አላህን አመስግኛለሁ። ዙልፋ መሆኗን ባውቅ ኖሮ «ለማንኛውም ከሁለቱም ስጧት» ብዬ የምጽፍ ይመስለኛል። እንደዚያ ብዬ ቢሆን የአያሌውን ልጅ መድኃኒት ያለ ጥቅም እቀማው ነበር፤ እሷንም አላድናት።

ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ሲፕሮ ሊገድለው ይችላል አልኩ እንጂ ይገድለዋል አላልኩም። ባለፈው ሳምንት ከአንድ በሽተኛ የመጣ ሱዶሞናስ አብቅዬ ነበር። ሳህኑን ስከፍት እስከ ሲፕሮው ወረቀት ጫፍ ድረስ በቅሎ አገኘሁት። እንደዚህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ቁጥር ጽፌበት ወደ ሌላው እሄድ ነበር። ያን ዕለት ግን ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አለቃችን፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት፣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ይቺ እህቴ ብትሆንስ?» አልኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሥራው እስኪያልቅ አብራኝ ነበረች።

በየሶላቱ አላህን ስለምን የፈንታውን ስም አስቀድማለሁ። ከዚያ ነው የዙልፋን የምጠራው። የአባቱ ልብ እንዳይሰበር፤ ያ ሰው ያመነኝ ፊቴን እንኳ ሳያይ ነው።

አላችሁ? አላችሁ በሉኝ ብቻ።

ኢሕሳን


መርሳ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጄ ኢሕሳን፣ አለን! መንገዱ ተከፈተ። መኪና ሲያልፍ ልጆቹ እንደ ሠርግ እየሮጡ ይከተሉታል። ስልኩ ገና ነው፤ ይህን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሹፌር ለሙባረክ ይሰጥልኛል።

ዙልፋ ድናለች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። የፈንታው ክንድ ቀድሞ ሻረ፤ መግሉ ደረቀ፣ እጁን ማጠፍ መዘርጋት ቻለ። የሷ ግን አንድ ቀን ሲሻል አንድ ቀን ሲብስ ሰነበተ። ሲፕሮው ሊያልቅ ሲል ልቤ ከእንክብሉ ጋር ያልቅ ነበር። አንድ ጠዋት የሺ ጨርቁን ፈታችና ደጋግማ አሸተተችው። እኔ ሞቷ ነው ብዬ ዱዓ ጀመርሁ። የሺ ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን አውጥታ ገለባበጠችው፤ ከዚያ ወደኛ ዘረጋችው። አረንጓዴ የለበትም! ውኃና ትንሽ ደም ብቻ። ሰው የቁስል ጨርቅ ለማየት እንዲህ ይጋፋል? መጀመሪያ እልል ያለችው ማን መሰለችሽ? የአያሌው ሚስት ናት። ስትጮህ አፏን በእጄ ልይዘው ምንም አልቀረኝ፤ ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ምን ተገኘ ብለው እንዳይመጡ።

መንገዱ ሲከፈት የመጡት ሐኪሞች ከባቷ ውስጥ የቀረች የብረት ስባሪ አወጡላት። ታነክሳለች፤ ወደፊትም ታነክሳለች ብለዋል። እግሯ ግን አልተቆረጠም። የየሺን ሥራ አይተው «በምን አከምሻት?» ቢሏት «በሁለት አባቶች» ብላ መለሰችላቸው።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ከወለደች በኋላ ትኩሳት የያዛት አንዲት ወጣት እናት መድኃኒት ታጥቶላት አረፈች። የሺ ያን ዕለት ከኛ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አለቀሰች።

ደግሞ አብዱልሐሊም። ደብዳቤዬን ለሙባረክ አድርሶ ሲመለስ ውርጌሳ አካባቢ ተኩስ መሐል ገባ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ጀናዛውን ያነሡት የማያውቁት ሰዎች ናቸው፤ አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደው ቀበሩት። እኛ የሰማነው ከወር በኋላ ነው። ሚስቱ ዘንድ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ብቀመጥ «ዙልፋ እንዴት ናት?» አለችኝ። ድናለች አልኋት። «እንግዲያው ድካሙ መና አልቀረም» አለችኝ። እኔ ላጽናናት ሄጄ እሷ አጽናንታ ሸኘችኝ።

በሬዎቼን ታጣቂዎቹ አርደው በልተዋቸዋል፤ ማሽላውም ግማሹ ማሳ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ምንም አታስቢ። ሰው ከተረፈ ሌላው ይተካል።

ዙልፋ ነገ ቁጭ ብላ ራሷ ትጽፍልሻለች፤ ዛሬ ሹፌሩ ቸኮለ።

አጎትሽ ኑርሁሴን


ጎተንበርግ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላሙን ያወረደላችሁ ጌታ አይንፈጋችሁ። ደብዳቤዎን አለቃዬ ፊት ነው ያነበብኩት። በአማርኛ እያነበብኩ፣ በእንግሊዝኛ እየነገርኳት፣ በምን ቋንቋ እንዳለቀስኩ እንጃ። በኅዳር የጻፍኩትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬላችኋለሁ።

ለአብዱልሐሊም ሚስት የሚሆን ቃል ፈለግሁና አጣሁ። ለልጆቹ ትምህርት የምችለውን ከዚህ በኋላ በሙባረክ በኩል አደርጋለሁ፤ ይህን ለሳቸው ብቻ በጆሯቸው ይንገሩልኝ።

ለአያሌውስ? አጎቴ፣ እኔ እዚህ የምሠራው ሁሉ እርግጠኛ ለመሆን ነው። ያልተረጋገጠ ነገር ብናገር ማንም አይሰማኝም። እሱ ግን በአንድ ወረቀት የልጁን ሕይወት ሰጠኝ። ምን ብዬ አመሰግነዋለሁ? ከዚህ አገር የምልክለት ነገር ቢኖር፣ ጫማም ይሁን ካፖርት፣ ምን እንደሚወድ ይጠይቁልኝ። ለባለቤቱም እንዲሁ፤ እሳቸውን ሳስብ ደግሞ እፈራለሁ። እናት ናቸው፣ እንክብሉን ከልጃቸው ራስጌ አንሥተው የሰጡ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ኢሕሳን


መርሳ፣ የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለኢሕሳን፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ የያዝሽው ይቅናሽ። ይህን የምጽፍልሽ ማሳው ዳር፣ ግራሩ ጥላ ሥር ሆኜ ነው። ጽሕፈቴ ቢጣመም የወንበር እጥረት ነው።

ያልሽኝን ለማድረስ አያሌው ዘንድ ልወጣ ስሰናዳ ነበር። መንገዱ ከተከፈተ ጀምሮ ወደ ደጋው ተመልሰዋል። ምስጋናሽንም የራሴንም ምስጋና ተሸክሜ ልሄድ ብዬ ቡርቱካን ስንቅ ስትቋጥር፣ ደጃችን ላይ የበሬ ኮቴ ሰማን። ስወጣ አያሌው ነው። ሁለት በሬዎቹን ነድቶ፣ ፈንታው ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ሚስቱም ተከትላ።

«ምን ሆናችሁ? ደግሞ ተኩስ አለ እንዴ?» አልሁት።

«በልጉ ሊያመልጥህ ነው፤ በሬ የለህም ብለውኝ ነው» አለኝ።

«እኔ ላመሰግንህ ልመጣ ነበር!»

«ለምኑ?»

የአንቺን ደብዳቤ አስነበብሁለት። ጫማና ካፖርት የሚለው ላይ ሲደረስ ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺ ልጅ ተምራ ተምራ ሒሳቡ ጠፋት። የፈንታው ክንድ የዳነው በማን መድኃኒት ነው? በናንተ አይደለም እንዴ? እኔ ለሷ ልጽፍ ስል ቀደመችኝ በላት» አለ። ሚስቱ ደግሞ «ካፖርቱንስ ብትልክ እኔ አልጠላም፤ ደጋው ይበርዳል» አለች። እንግዲህ የሴትዮዋን የካፖርት ልክ ዙልፋ ትጽፍልሻለች።

እነሱ ጾም ገብቷቸዋል። ቡርቱካን አውቃ ወጡን በዘይት ሠርታ፣ ዙልፋ በምርኩዝ እያነከሰች ምሳውን ይዛ ማሳው ድረስ መጣች። አያሌው ተነሥቶ ሊቀበላት ቢል «ተቀመጡ፣ እኔ ነኝ የማቀርበው» አለችው። ሁላችንም በአንድ ገበታ በላን።

አሁን እርፉን የያዘው ፈንታው ነው። በዚያ ክንዱ። አያሌው ከኋላው እየሄደ «ቀኙን ሳበው፣ ጥልቅ አድርገው» ይለዋል፤ ልጁም እንደ ልጅ ሁሉ አይሰማውም። አፈሩ ጥቁር ሆኖ ይገለበጣል። በአምባሰል በኩል ደመና ቋጥሯል፤ ዛሬ ባይጥል ነገ ይጥላል።

በሬዎቹ መዞሪያው ላይ ደርሰው አያሌው እየጠራኝ ነው። ልነሣ፤ ዘሩን የምበትነው እኔ ነኝ።

አጎትሽ ኑርሁሴን